«ፕሮሰስ ላይ ነው»

ባዕድ ቃል ወደ ቋንቋ ሲገባ እንደ እንግዳ ነው። አንዳንዱ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል። አንዳንዱ ያድራል። አንዳንዱ ደግሞ ሰነባብቶ መደቡን ከያዘ በኋላ ባለቤቱን «አንተ ደግሞ ማን ነህ?» ማለት ይጀምራል። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ቃል ከሦስተኛው ወገን ነው። እንግሊዝኛ ቢሆንም አንድም ቀን የእንግሊዝኛ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ሳይቀሩ ምላሳቸውን ሳያደናቅፋቸው ይጠሩታል። ቃሉ «ፕሮሰስ» ነው።

ደሴ ውስጥ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ጆሮውን ከፍቶ የዋለ ሰው ይህን ቃል ስንት ቦታ እንደሚሰማው ይቁጠር። የልደት ካርድ ሊያወጣ የሄደ ወጣት «ፕሮሰስ ላይ ነው፤ ሐሙስ ተመለስ» ይባላል። ከሱቅ ደጃፍ የቆሙ ጎረምሶች ብቅ ማለት ስላቆመ ጓደኛቸው ሲጠያየቁ «እሱማ የካናዳ ፕሮሰስ ጀምሯል» ይባባላሉ። ነጋዴው የጠየቀው ብድር «ፕሮሰስ እየተደረገ ነው»። ቡና ላይ የተቀመጡት ሴቶች ደግሞ «ልጅሽ ምን ደረሰች?» ሲባባሉ መልሱ «ፕሮሰሷ አላለቀም እቴ» ነው፤ «አብሽሪ፣ ያልቃል» ይከተላል። ለልደት ካርዱም፣ ለካናዳውም፣ ለብድሩም፣ ለልጅቷም ያው አንድ ቃል! ከጨው በቀር እንዲህ ባለው ወጥ ሁሉ ውስጥ የሚገባ ምን አለ?

ይህን የምጽፈው «አማርኛችን ተበረዘ» ብዬ ለማልቀስ አይደለም። ያ ለቅሶ ብዙ ጊዜ ተለቅሷል፤ የሞተም የለም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ይህ ቃል በአንደበታችን ሲያልፍ ምን ይዞ ይገባል? ምንስ ይዞብን ይወጣል? እንደማየው ከሆነ ይዞብን የሚወጣው ሰውን ነው። የሰዋስው መምህሮቻችን «ባለቤት» እያሉ ያስተማሩንን፣ ማን እንደሠራ፣ ማን እንዳቆየ፣ ማን እንደከፈለና ማን እንደበላ የሚናገረውን የዓረፍተ ነገር ባለቤት ይዞብን ይወጣል።

ቃሉ በአገሩ

«ፕሮሰስ» የዘር ሐረጉ ከላቲን ይመዘዛል። «ፕሮ» ወደ ፊት፣ «ኬዴሬ» መሄድ ነው፤ ሁለቱ ሲጋጠሙ ወደ ፊት መራመድ ማለት ይሆናል። እንግሊዝኛ ቤት የገባው በመካከለኛው ዘመን በፈረንሳይኛ በኩል ነው። ሃይማኖታዊ ዑደትን የሚሰይመው «ፕሮሴሽን» የሥጋ ወንድሙ ነው። በጥምቀት ዋዜማ ታቦት ወጥቶ ሕዝቡ እያጀበ ሲወርድ አንድ እንግሊዛዊ ቢያይ የሚጠራው በዚያ ቃል ነው። እንግዲህ ቃሉ ሲወለድ እግር ነበረው፤ የሚራመድ ሰው ነበረው።

ኋላ እየሰፋ ሄደ። በሕግ ቋንቋ ፍርድ ቤት የሚልከው መጥሪያ ሳይቀር «ፕሮሰስ» ይባላል። ፋብሪካ ገብቶ የወጣ አይብና ሥጋ «ፕሮሰስድ» ነው። የኮምፒውተሩ አንጎል «ፕሮሰሰር» ነው። በዛሬው እንግሊዝኛ ሐዘን የደረሰበት ሰው እንኳ ሐዘኑን «ፕሮሰስ ያደርጋል» ይባላል። ከእግር ተነሥቶ ወደ ወረቀት፣ ከወረቀት ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ልብ ዘለቀ ማለት ነው።

ጀርመኖች ቃሉን ለፍርድ ቤት ክርክር ይጠቀሙበታል። ፍራንዝ ካፍካ ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1925 የታተመው ልብ ወለዱ በጀርመንኛ ርእሱ ይኸው «ፕሮሰስ» ነው። የእንግሊዝኛ ተርጓሚዎች «ዘ ትራያል» ብለውታል። ዮሴፍ ካ. የሚባል የባንክ ሠራተኛ አንድ ጧት ከመኝታው ሳይነሣ ይያዛል። ምን እንዳጠፋ የሚነግረው የለም። ማን እንደከሰሰው አያውቅም። የሚያገኛቸው ሁሉ ከእነርሱ በላይ ሌላ እንዳለ፣ ከዚያም በላይ ሌላ እንዳለ ይነግሩታል። የጀርመንኛው ርእስ ክርክሩንም፣ መድረሻ የሌለውን ጉዞም ባንድ ጊዜ ይሸከማል፤ የእንግሊዝኛው ግን ክርክሩን ይዞ ጉዞውን ጥሏል። የቧንቧ ውሃ አንባቢ ይህ ርእስ ሳይተረጎምለት ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። «ሐሙስ ተመለስ» የተባለ ሰው ስለ ካፍካ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሂደትና ባለቤቱ

አማርኛ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። «ሄደ» ከሚለው ግሥ «ሂደት»ን አወጣ። ሥራው የተዋጣለት ነው፤ ላቲኑም አማርኛውም ከመሄድ ተወልደዋልና ወንድማማች ይመስላሉ። በአብዮቱ ዘመን «የታሪክ ሂደት» የማይል ጽሑፍ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ «የሽግግር ሂደት»፣ «የምርጫ ሂደት»፣ «የሰላም ሂደት» እየተከታተሉ መጡ። ልብ በሉ፤ ታሪክ ይሄዳል፣ ሽግግር ይሄዳል፣ ሰላም ይሄዳል፤ የሚያስኬዳቸው ግን አልተጠቀሰም። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በእንግሊዝኛው ላይ መጫን ግፍ ነው። «ጉዳዩ እየታየ ነው»፣ «ከላይ የመጣ ነው» ማለትን ማንም ፈረንጅ አላስተማረንም።

የጥንቱ አማርኛ ግን ስለዚህ ነገር የተናገረው አለ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል። በዚህች አጭር አባባል ውስጥ ጊዜ አለ፣ ደረጃ አለ፣ ፍጻሜ አለ። ከሁሉም በላይ የሚሄደው ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ እንቁላሉ ራሱ ነው፣ ያውም በገዛ እግሩ።

ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶቻችን ጋር የተያያዘው የቃሉ ታሪክ ደግሞ ለብቻው ይነገር። ማይክል ሐመርና ጄምስ ቻምፒ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ድርጅቶች ሥራቸውን ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እየቆራረጡ ከሚያዞሩት ይልቅ ከመነሻ እስከ መድረሻ እንደ አንድ ሂደት ይመልከቱት አሉ። ባለጉዳዩ አሥር በር ከሚያንኳኳ ጉዳዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚከታተልለት አንድ ሰው ይኑር ነው ነገሩ። ይኸው ሐሳብ «መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ»፣ በቁልምጫው «ቢፒአር» ተብሎ አገራችን ገባና የየመሥሪያ ቤቱን በር አንኳኳ። ክፍልና መምሪያ ይባል የነበረው «ዋና የሥራ ሂደት» እና «ደጋፊ የሥራ ሂደት» ሆነ። ኃላፊው ደግሞ «የሥራ ሂደት ባለቤት» ተባለ።

ብዙ ሰው በዚህ ስም ስቋል። እኔ ግን አሁን መለስ ብዬ ሳስበው ስሙ ከሥራው የተሻለ ነበር እላለሁ። ሂደት ባለቤት ይኑረው ማለት እኮ ትልቅ ነገር ነው! ዓረፍተ ነገሩ ያጣውን ባለቤት ለቢሮው መመለስ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ባለቤትነቱ በር ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ ሆኖ ቀረ። ባለጉዳዩ ሲመጣ ጉዳዩ «ሂደት ላይ» ነው፤ የሂደቱ ባለቤት ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው። በመካከል የተገኘው እንግዲህ «ላይ» የምትባለዋ ቃል ብቻ ናት።

ኮምቦልቻ፦ ጨርቁ ሲወጣ

ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ሲወርዱ ኮምቦልቻ ላይ ቃሉ ጠባዩን ይለውጣል። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። በደርግ ዘመን የተተከለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለ፤ ቢራ ፋብሪካው አለ፤ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ «የት ክፍል ነህ?» ሲባል ፈትል፣ ሽመና ወይም «ፕሮሰሲንግ» ብሎ ይመልሳል።

ይህ የመጨረሻው ክፍል ጥሬው ጨርቅ ከሽመናው ወጥቶ የሚገባበት ነው። ጨርቁ ሲገባ አመድማ ነው፤ ድሩ በሽመና ጊዜ እንዳይበጠስ የተቀባው ሙጫ መሰል ነገር አድርቆታል። ያ ሙጫ ይለቀቃል። ቀጥሎ የጥጡ ቅባትና እድፍ በኬሚካል ይታጠባል። ከዚያ ይነጣል፤ ይቀለማል ወይም ይታተምበታል። በመጨረሻ ተወጥሮና ተስተካክሎ ይደርቃል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ቀለሙ አይይዝም፤ ቢይዝም ይዥጎረጎራል። ጨርቁ ሲበላሽ ደግሞ የትኛው ገንዳ ላይ፣ በየትኛው ፈረቃ እንደተበላሸ መመርመር ይቻላል።

ቃሉ እዚህ ቤት ሐቀኛ ነው። የሚገባው ይታወቃል፤ የሚወጣው ይታወቃል፤ በመካከል ያለው እያንዳንዱ እርምጃ ስም አለው፤ እያንዳንዱ እርምጃ ላይ የቆመ ሰው አለ። የፕሮሰሲንግ ክፍል ሠራተኛ አለቃው «ጨርቁስ?» ሲለው «ፕሮሰስ ላይ ነው» ብሎ ቢመልስ የሚጠብቀው ሁለተኛ ጥያቄ ነው፦ «የትኛው ላይ?» ፋብሪካው ለአንድ ጣቃ ጨርቅ የሚጠይቀውን ይህን ጥያቄ እኛ ለሰው ልጅ መጠየቅ ለምን አቃተን?

የልጅቷ ፕሮሰስ

ወደ ደሴው ቡና ልመለስ። በወሎ «ፕሮሰስ» ያለ ምንም ቅጽል ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር ነው፤ ዓረብ አገር ለመሄድ የሚደረገው ዝግጅት ነው። ቃሉ በዚህ ትርጉሙ የራሱን ሰዋስው አበጅቷል። «ፕሮሰስ ጀመረች»፣ «ፕሮሰስ አስጀመርኳት»፣ «ፕሮሰሷ ተበላሸ»፣ «የፕሮሰስ ብር» ይባላል። የመጨረሻዋን በተለይ አስተውሏት፤ በጣም ውድ ሐረግ ናት። በሬ የተሸጠባት፣ ዕቁብ የተበላባት፣ ከአጎት የተበደሩባት ሐረግ ናት።

በዚህ አንድ ቃል ሆድ ውስጥ የተዋጠው ምንድን ነው? የቀበሌ መታወቂያ አለ። ፓስፖርት አለ። የጤና ምርመራ አለ፤ እርሱም «ሜዲካል» ነው። ሥልጠናና የብቃት ምዘና አለ። አሻራ አለ። የሥራ ውል ተጽፎ መጽደቅ አለበት። ቪዛ «ይመታል»። ትኬት ይቆረጣል። ይህ ሁሉ የተለያየ በር ነው። በየበሩ የተለያየ ሰው ተቀምጧል፤ በየበሩ የሚከፈለውም ይለያያል፣ በአንዳንዱም ምንም መከፈል የለበትም።

«በአንዳንዱ ምንም» ያልሁት በዘፈቀደ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ወጪውን ለሁለት ከፍሎ አስቀምጦታል። የመግቢያ ቪዛው፣ የደርሶ መልስ መጓጓዣው፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱ፣ የመድን ዋስትናው የአሠሪው ዕዳ ነው። ፓስፖርቱ፣ የጤና ምርመራውና የልደት ምስክር ወረቀቱ የሠራተኛዋ ነው። ሕጉ እንዲህ በዝርዝር ሲናገር ደላላው «የፕሮሰስ ይኼን ያህል ሺህ ብር» ብሎ ባንድ ቃል ይጠቀልለዋል። አባትየው «ስንቱ ለቪዛ? ስንቱ ለትኬት?» ብሎ አይጠይቅም፤ ምክንያቱም ቪዛና ትኬት ተቆጥረው አልቀረቡለትም። የቀረበለት «ፕሮሰስ» ነው። ሕጉ የዘረዘረውን ቃሉ መልሶ ጠቀለለው። አንድ ቃል የሰውን ኪስ ሊያወልቅ ይችላል ብል የተጋነነ አይምሰላችሁ።

ነገሩ ሲበላሽም እንዲሁ ነው። «ፕሮሰሷ ተበላሸ» ይባላል፣ ዝናብ እንዳበላሸው እህል። ማን አበላሸው? ወረቀቱን ያላስገባው ማን ነው? ብሩን ተቀብሎ ስልኩን የዘጋው ማን ነው? ቃሉ ውስጥ ሰው ስለሌለ የሚከሰስም የለም። ልጅቷ ቤት ትቀመጣለች፤ ዕዳው ይቀጥላል፤ ጎረቤትም «ዕድሏ ነው» ይላል።

በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መንግሥት ዜጎች ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ እንዳይሄዱ ሲያግድ ስንቱ ቤት የተጀመረ «ፕሮሰስ» ነበረ። ወዲያው በወሩ ሳዑዲ ዓረቢያ ወረቀት የሌላቸውን ማባረር ጀመረችና በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። እገዳው የተነሣው በ2010 ዓ.ም. ነው። በዚያ መካከል በሕጋዊው በር የቆመው ሁሉ «ፕሮሰሱ ቆሟል» ሲባል ሰነበተ። በሌላው በር ግን፣ በባቲና በሚሌ አድርጎ ወደ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ ወደ የመን በሚያሻግረው መንገድ፣ ጉዞው አልቆመም።

እዚህ ላይ ጆሮዬ የያዘው አንድ ነገር አለ። በዚያ በባሕሩ መንገድ ስለሄደው ሰው «ፕሮሰስ ጀመረ» ሲባል ሰምቼ አላውቅም። «ወጣ» ነው የሚባለው። «የእገሌ ልጅ ወጣ»፣ «ሌሊት ተነሣ»፣ «ተሻገረ» ይባላል። አጫጭር የአማርኛ ግሦች ናቸው፤ በእያንዳንዳቸው ሆድ ውስጥ አንድ ልጅ አለ። አማርኛ ግሥ ያለ ሰው አይቆምም፤ «ወጣ» ስንል እሱ አለ፣ «ወጣች» ስንል እሷ አለች። እንግዲህ ሞት ያለበት መንገድ ቋንቋው ሰው ኖሮት፣ ሕግ ያለበት መንገድ ቋንቋው ሰው ማጣቱ ምን ይባላል? አንድ ወጣት ሁለቱን ሲያነጻጽር የትኛው የሚያስኬድ፣ የትኛው የሚያስቀምጥ ይመስለዋል?

ለቃሉ ጥብቅና

ፍርድ ከመስጠት በፊት የተከሳሹን ወገን መስማት ደግ ነው። ሰው ይህን ቃል የሚወድደው ያለ ምክንያት አይደለም።

አንደኛ፣ ቃሉ መጋረጃ ነው። በእኛ አገር ያላለቀ ነገር አይወራም፤ ዓይን አለ፣ ወሬ አለ፣ «ሳይሄድ ቀረ» የሚል ሽሙጥ አለ። «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» ያለ ሰው ሳይዋሽም ሳይናገርም ያልፋል። ጠያቂውም ጨዋ ከሆነ አይገፋውም።

ሁለተኛ፣ ቃሉ ክብር ይሰጣል። ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ያጣ ልጅ «ምን ትሠራለህ?» ሲባል «ምንም» ማለት ያሳፍረዋል። «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» ሲል ግን ሥራ ፈት መሆኑ ይቀርና መንገደኛ ይሆናል። ይህን ማቃለል ልበ ደንዳናነት ነው። ስንቱ ወጣት ከመስኮት ወደ መስኮት እየተመላለሰ የኖረባቸውን ዓመታት የሚጠራበት ሌላ ስም አልሰጠነውም። ዲቪ የደረሰውም፣ ዘመድ የላከለትም፣ በ2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻ በሕግ እስኪቀር ድረስ ልጅ ለማሳደግ ተመዝግቦ የጠበቀውም፣ ሁሉም ያንን ጊዜ በዚሁ ቃል ነው የተሻገረው።

ሦስተኛ፣ ባዕድነቱ ራሱ ወንጀል አይደለም። ወሎ ከባዕድ ቃል ጋር አብሮ መኖርን የሚያስተምር አገር ነው። ከላይ ያነሣኋት «አብሽር» ከዓረብኛ የመጣች ናት፤ ደስ ይበልህ፣ መልካም ዜና ያዝ ማለት ነው። ዛሬ ግን ከወሎ አፍ ማን ያወጣታል? «አብሽር» ለወንድ ነው፣ «አብሽሪ» ለሴት፣ «አብሽሩ» ለብዙ ሰው። ገብታ በእኛ ሰዋስው ተረታለች፤ ፊት ለፊት የሚባል ሰው ከሌለ አትነገርም። «ኮንትራት»ም ባዕድ ነው። ነገር ግን «በኮንትራት ሄደች» ሲባል ሁለት ፈራሚዎች እንዳሉ ይታወቃል፤ አንዱ ቢያፈርስ ሌላው የሚጠይቀው አለው። እንዲያውም የሰፈሩ ስም ራሱ ይመስክር። «ቧንቧ ውሃ» ማለት ግልጽ ነው፤ ቧንቧ አለ፣ ከቧንቧው የሚወጣ ውሃ አለ። «የውሃ ፕሮሰስ» ተብሎ የተሰየመ ሰፈር ቢሆን ኖሮ ማንም እንስራ ይዞ ባልሄደ።

ስለዚህ ቃልን የምመዝነው በአገሩ አይደለም። ሰውን ያሳያል ወይስ ይሸፍናል ብዬ ነው። «አብሽር» ያሳያል። «ኮንትራት» ያሳያል። ፋብሪካው ውስጥ ያለው «ፕሮሰሲንግ» ያሳያል። ቢሮውና ደላላው የሚጠቀሙበት «ፕሮሰስ» ይሸፍናል። መጋረጃነቱም ለሁለቱ ወገን እኩል አይደለም። ልጅቷን ከጎረቤት ዓይን ለአፍታ ይጋርዳታል፤ ገንዘቧን የወሰደውን ሰው ግን ለዘለዓለም ይሰውረዋል።

ለእኛም ለጸሐፊዎቹ

እኛ ብዕር የያዝነውስ ምን እናደርጋለን? ጋዜጣና ራዲዮናችን «ጉዳዩ በሂደት ላይ መሆኑ ተገለጸ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እንደ ጸሎት ይደጋግመዋል። በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማን እንደሚሠራው የለም፤ ማን እንደገለጸው እንኳ የለም። «ተገለጸ» ይላል፣ እንደ ፀሐይ። እንዲህ ብለን የምንጽፍ ከሆነ ደላላውን ለመውቀስ አፍ የለንም፤ ጥቅሉን ቋንቋ የተማረው ከእኛ ነውና።

ቃሉን በአዋጅ አውጡት አልልም። ቃል በአዋጅ አይወጣም፤ ቢወጣም በሌላ በር ይገባል። የምለው አንዲት ትንሽ ልማድ እንልመድ ነው። «ፕሮሰስ ላይ ነው» ስንባል «እማን እጅ ነው?» እንበል። ይህ ጥያቄ ጥንት የነበረ ነው። አባቶቻችን ከችሎት ሲመለሱ የሚጠያየቁት «ጉዳይህ እማን እጅ ገባ?» እየተባባሉ ነበር። ጉዳይ እጅ ላይ እንጂ ሂደት ላይ እንደማይቀመጥ ያውቃሉ።

ጥያቄው ስድብ አይደለም፤ ጭቅጭቅም አይደለም። ቢሮ ውስጥ ያለችው ጸሐፊ ብትጠየቅ ምናልባት ስም ትጠራ ይሆናል፤ ያኔ ባለጉዳዩ ሐሙስ ሲመለስ የሚፈልገውን ሰው ያውቃል። ደላላው ቢጠየቅ ምናልባት ይቆጣል፤ ቁጣውም መልስ ነው። የልጅቷ አባት ቢጠይቅ ደግሞ፣ ብሩን ከመቁጠሩ በፊት፣ ስንቱ ለምን እንደሆነና የማን ዕዳ እንደሆነ ይሰማል። በሬው ከመሸጡ በፊት ይህን ቢሰማ ምን ይጎድልበታል?